የክራንክሻፍት ዳምፐር መንሸራተት፤ ምክንያቱ፣ ምርመራውና መፍትሔው

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ርእስ በሞተር ግንባር ላይ ሲሽከረከር ሁላችንም በየዕለቱ የምናየው፣ ነገር ግን ጥቂቶቻችን ብቻ ቆም ብለን ያሰብንበት አንድ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ፑሌጃ ይለዋል፤ ቺንጋ ስለሚያዞርም ስሙ ትክክል ይመስላል። ይሁን እንጂ በበርካታ ሞተሮች ላይ ቺንጋ ማዞር የዚህ ክፍል ተጨማሪ ሥራው ነው። ዋና ተግባሩ የክራንክሻፍቱን የመጠማዘዝ ንዝረት ማብረድ ነው፤ ስለዚህም ዳምፐር ይባላል።

ዳምፐር ሲታመም ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ ዘይትም አያንጠባጥብም። የሚያስከትለው መዘዝ ግን ቀላል አይደለም። ባለንብረቱ «መኪናዬ ጉልበት አጣ፣ ሙቀት ጨመረ፣ ነዳጅ በላ» ብሎ ወደ ጋራዥ ይመጣል። ባለሙያው ካርቡራተሩን ያጸዳል፣ ካንዴላ ይለውጣል፣ ፋዙን በስትሮቦስኮፕ መብራት ያስተካክላል። መብራቱም ምልክቱን በተገቢው ቦታ ላይ ያሳየዋል። ፋዙ ትክክል ነው ከተባለ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ራዲያተር፣ ቀጥሎም ወደ ቴስታታ ይሄዳል። ሞተሩ ይፈታል፤ የባለንብረቱ ገንዘብ ያልቃል፤ ሕመሙ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ባለሙያው ሥራውን ሳያጓድል ሠርቷል፤ የለካበት ሚዛን ግን የተሳሳተ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ የዛሬው ንግግሬ ይህ ሚዛን እንዴት እንደሚሳሳት፣ በምን እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚታረም ለማስረዳት የታሰበ ነው።

ዳምፐር ለምን አስፈለገ?

ክራንክሻፍት ከወፍራም ብረት የተሠራ በመሆኑ ፈጽሞ የማይበገር ይመስላል። ነገር ግን ማንኛውም ብረት በኃይል ሲጫኑት በመጠኑ ይጠመዘዛል፤ ኃይሉ ሲለቀውም ወደ ቦታው ይመለሳል። በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ ሲቃጠል ፒስተኑ በቢዬላው አማካይነት የክራንኩን ክርን በብርቱ ይገፋል። በዚያች ቅጽበት ክርኑ ይቀድማል፤ በኋላ በኩል የታሰረው ከባዱ ቮላኖ ግን ፍጥነቱን በድንገት መለወጥ ስለማይችል ይዘገያል። በሁለቱ መካከል ያለው ዘንግ በጥቂቱ ይጠመዘዛል። ግፊቱ ሲላላ እንደ ተነካ የክራር ጅማት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መነሻውንም አልፎ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይወዛወዛል። የመጠማዘዝ ንዝረት የምንለው ይህንኑ ነው።

እያንዳንዱ ዘንግ እንደ ውፍረቱ፣ እንደ ርዝመቱና እንደ ተሸከመው ክብደት የራሱ የሆነ የንዝረት ድግግሞሽ አለው። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በሰከንድ 200 ጊዜ የሚወዛወዝ ዘንግ አለው እንበል። በአራት ምት ሞተር ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ ዙር ሦስት ግፊት ይሰጣሉ። ሞተሩ በደቂቃ 4000 ዙር ሲዞር የግፊቱ ብዛት በደቂቃ 12000፣ በሰከንድ ደግሞ 200 ይሆናል ማለት ነው። ግፊቱና የዘንጉ የራሱ ውዝዋዜ እዚህ ላይ ይገጥማሉ። በዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ በተመለሰ ቁጥር በትክክለኛው ቅጽበት በጣት ብንገፋው፣ ግፊቱ አነስተኛ ቢሆንም ውዝዋዜው እየሰፋ ይሄዳል። ዘንጉም እንዲሁ ነው። ውዝዋዜው የሚያበርደው ካላገኘ ብረቱ ይደክማል፤ በመጀመሪያ ዓይን የማያያት ስንጥቅ ትፈጠራለች፤ በመጨረሻም ክራንክሻፍቱ ይሰበራል።

ይህ ችግር ጎልቶ የታየው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ረዣዥም ዘንግ ያላቸው ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪናዎች ሲሠሩ ነበር። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ንዝረቱን በፍትጊያ የሚያበርድ መሣሪያ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ የመሣሪያው ዓይነት ቢለዋወጥም መሠረተ ሐሳቡ እስከ ዛሬ አንድ ነው።

አሠራሩ

ዛሬ በቤት መኪናና በቀላል የጭነት መኪና ላይ በብዛት የሚገኘው ዳምፐር ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚሰካው እምብርት ነው። ሁለተኛው በዙሪያው ያለው ከባድ የብረት ቀለበት ነው፤ የቺንጋው ቦይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረጸው በዚህ ቀለበት ላይ ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል በግፊት ታምቆ የገባ ወይም በሙቀት ተጣብቆ የተሠራ ጎማ ነው። እምብርቱ ከዘንጉ ጋር ይወዛወዛል። ከባዱ ቀለበት ግን በያዘው ፍጥነት መቀጠል ስለሚፈልግ ውዝዋዜውን ወዲያው አይከተልም። በመካከል ያለው ጎማ ወዲህና ወዲያ ይሳባል፤ የንዝረቱንም ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ ያባክነዋል። ዳምፐሩ በፊተኛው ጫፍ ላይ እንዲቀመጥ የተደረገበት ምክንያትም ውዝዋዜው ከሁሉ የሚሰፋው ከቮላኖው በራቀው በዚያ ጫፍ በመሆኑ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንገነዘባለን። አንደኛ፣ የቀለበቱ ክብደትና የጎማው ጥንካሬ ለዚያ ሞተር ዘንግ ተለክተው የተመጣጠኑ ናቸው። በመልክ የሚመሳሰል የሌላ ሞተር ዳምፐር ቢገጥም እንኳ ሥራውን ላይሠራ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቀለበቱን ከእምብርቱ ጋር የሚያያይዘው ብሎን ወይም ሽብልቅ የለም፤ የያዘው ጎማው ብቻ ነው። ጎማው ሲለቅ ቀለበቱ በእምብርቱ ላይ ይንሸራተታል።

ምልክቱ የት ላይ ነው?

የችግሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ከሁሉ በላይ የደረሰበትን ነጥብ የሚያመለክተው ምልክት በብዙ ሞተሮች ላይ የተቀረጸው በውጫዊው ቀለበት ላይ ነው። ስለሆነም የምልክቱ እውነተኛነት የተመሠረተው በጎማው ጤንነት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በአገራችን ብዙ ባለሙያ የሠለጠነባቸው መኪናዎች ይህ ሥጋት አልነበረባቸውም። የጥንቷ ቮልስዋገን ዘንግ አጭር በመሆኑ ዳምፐር አያስፈልጋትም ነበር፤ ፑሌጃዋ አንድ ወጥ ብረት ነው። ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና ያገለገለችው ላዳም እንዲሁ አንድ ወጥ ፑሌጃ ነበራት፤ በፊተኛው ክዳን ላይ ያሉትን ሦስት ምልክቶች ፑሌጃው ላይ ካለው ምልክት ጋር ያገናኘ ባለሙያ አይሳሳትም ነበር። የቶዮታ ላንድክሩዘር 2ኤፍ የተባለው የቤንዚን ሞተር ደግሞ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሲሆን፣ የፋዙ ምልክት በቮላኖው ላይ የተቀበረች ትንሽ የብረት እንክብል ናት፤ የምትታየውም በፍሪሲዮኑ ቤት መስኮት በኩል ነው። ቮላኖው ከዘንጉ ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ያች እንክብል ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ምልክትን ማመን የተገባ ነበር። ልማዱን ይዘን ምልክቱ በጎማ ላይ ወደተንጠለጠለበት ሞተር ስንሻገር ግን ልማዱ ራሱ ያስተናል።

ምልክትን በመብራት ማየት ያልተለመደባቸው አዳዲስ ሞተሮችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። በአንዳንዶቹ ላይ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያው የዘንጉን ቦታ የሚያነብበት ጥርሳም ቀለበት ከዳምፐሩ ጋር የተያያዘ ነው። የላዳ 2110 ቤተሰብ ባለ ኢንጄክሽን ሞተሮች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የጥርሱ ቀለበት በ60 ተከፍሎ ሁለቱ የጎደሉ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ጥርስ 6 ዲግሪ ያህል ይወክላል። ቀለበቱ ከተንሸራተተ መቆጣጠሪያው ሐሰተኛውን ቦታ እንደ እውነት ይቀበላል፤ ሞተሩም ይንገራገጫል፣ አልፎ ተርፎም ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ሴንሰርና ኮምፒዩተር መለወጥ ሕመሙን አያድነውም።

የመንሸራተቱ ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት ዕድሜና ሙቀት ነው። ጎማው በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ራሱ ያሞቀዋል፤ ከሞተሩና ከራዲያተሩ የሚመጣው ሙቀት ይጨመርበታል። ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ታምቆ የነበረውም ጎማ የመግፋት ኃይሉን ያጣል።

ሁለተኛው ዘይት ነው። የፊተኛው የዘይት ሲል ሲያፈስ ዘይቱ በቀጥታ ወደ ዳምፐሩ ይረጫል። ብዙ የጎማ ዓይነቶች በማዕድን ዘይት ሲርሱ ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፤ የተያያዙበትንም ብረት ይለቃሉ። በየጋራዡ ሞተርን በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ የማጠብ ልማዳችንም እዚህ ላይ ሊታሰብበት ይገባል። ሞተሩ ከላይ ሲያበራ ጎማው ከውስጥ ይጎዳል።

ሦስተኛው የቺንጋ ጫና ነው። ቺንጋው እንዳይጮኽ ተብሎ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ፣ የዲናሞው ኩሽኔታ ሲነክስ ወይም የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ሲይዝ፣ ቀለበቱ እንዳይዞር ወደ ኋላ ይጎተታል። እምብርቱ ግን ከሞተሩ ጋር መዞሩን ይቀጥላል። በመካከል የሚሰቃየው ጎማው ነው።

አራተኛው የሞተሩ የራሱ ሁኔታ ነው። አንዱ ሲሊንደር የማይቃጠልበት ሞተር ግፊቱ ያልተስተካከለ ስለሆነ ጎማውን ከታሰበለት በላይ ያሠራዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ለወራት ሲነዳ ዳምፐሩም አብሮ ያረጃል።

አምስተኛው የእኛው እጅ ነው። ዳምፐር ለመንቀል የመንቀያውን ጥርስ በውጫዊው ቀለበት ጠርዝ ላይ ማሰር፣ ወይም ቀለበቱን በመዶሻ መምታት፣ ጤነኛውን ጎማ በአንድ ጊዜ ሊያላቅቀው ይችላል። ጉዳቱ ያን ቀን ላይታይ ይችላል፤ መኪናው ከወጣ በኋላ ግን ይገለጣል።

መንሸራተቱ የሚያስከትለው ስሕተት

ስንት ሚሊሜትር ስንት ዲግሪ እንደሚሆን በቁጥር እንየው። የቀለበቱ የጎን ለጎን ስፋት 172 ሚሊሜትር ቢሆን ዙሪያው 540 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህ ለ360 ሲካፈል አንድ ዲግሪ 1.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ቀለበቱ 12 ሚሊሜትር ብቻ፣ ማለትም ከአንድ ጣት ውፍረት ያነሰ ቢንሸራተት፣ ስሕተቱ 8 ዲግሪ ነው። በዓይን ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን አያስተውለውም፤ ሞተሩ ግን በሚገባ ያውቀዋል።

ቺንጋዎቹ ቀለበቱን ወደ ኋላ ስለሚጎትቱት ምልክቱ ዘግይቶ የሚደርስበት ሁኔታ በቀላሉ ይታሰባል። ምልክቱ 8 ዲግሪ ከዘገየ፣ ባለሙያው በመብራቱ «ከላይኛው ነጥብ 8 ዲግሪ ቀድሞ ያቀጣጥላል» ብሎ ያስተካከለው ሞተር በእውነቱ የሚያቀጣጥለው ልክ በላይኛው ነጥብ ላይ ነው። ማቀጣጠሉ ሲዘገይ ጉልበት ይቀንሳል፤ የሚቃጠለው ጋዝ ሙቀቱን ወደ ጭስ ማውጫው ይዞት ይወጣል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ነዳጅም ያለ ጥቅም ይባክናል። ምልክቱ በተቃራኒው ቀድሞ ከሆነ ደግሞ ማቀጣጠሉ ከመጠን በላይ ይፈጥናል፤ ሞተሩ በጭነት ጊዜ ያንኳኳል፤ ነገሩ ከጸና ፒስተን እስከ መበሳት ይደርሳል። በናፍጣ ሞተር ላይም ያው ነው። የጊዜ ቺንጋ ሲለወጥ የፒስተኑን ቦታ በተንሸራተተ ምልክት የወሰነ ባለሙያ፣ የካምሻፍቱንና የናፍጣ ፓምፑን ግንኙነት ከመነሻው አሳስቶ ሊገጥም ይችላል።

ከፋዙ ስሕተት ሌላ ሁለት አደጋዎች አሉ። ቀለበቱ ወደ ኋላ ከሄደ የፊተኛውን ክዳን እየፋቀ ሊበሳ፣ ወደ ፊት ከሄደ ደግሞ ወጥቶ ራዲያተሩን ሊመታ ይችላል። እንዲሁም የማብረድ ተግባሩ ስለሚቋረጥ፣ ክራንክሻፍቱ ቀደም ሲል ያነሣነውን ንዝረት ብቻውን ይሸከማል። እንደ ሸቭሮሌት 454 ባሉ አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ዳምፐሩ የሞተሩ የክብደት ማመጣጠኛም ነው። ይህ ክብደት በውጫዊው ቀለበት ላይ ከሆነና ቀለበቱ ቦታውን ከለቀቀ፣ ሞተሩ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

ምርመራው

ምርመራው በዓይን ይጀምራል። ጎማው ከብረቱ ጠርዝ ወጥቶ ይታያልን? ተሰንጥቋልን? ጎድሎ ወደ ውስጥ ገብቷልን? ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ቀለበቱ ወደ ጎን ይዋልላልን? ቺንጋው ከሌሎቹ ፑሌጃዎች ጋር ቀጥታ መስመር ይዟልን? የላላ ዳምፐር አንዳንድ ጊዜ የቢዬላ ብሮንዚና ያለቀ የሚያስመስል የማንኳኳት ድምፅ ስለሚያሰማ፣ ሞተሩን ለመፍታት ከመወሰን በፊት ይህን ክፍል መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው ዘዴ ከሁሉ የረከሰው ነው። ፊቱ በሚገባ ከተጠረገ በኋላ ከእምብርቱ ተነሥቶ ጎማውን አቋርጦ እስከ ቀለበቱ የሚደርስ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር በቀለም ይሰመራል። መኪናው ለአንድ ሳምንት ያህል ከተነዳ በኋላ መስመሩ ተቆርጦ ከተገኘ ዳምፐሩ እየተንሸራተተ ነው። መስመሩ ግን የሚነግረን ከዚያን ቀን ወዲህ የሆነውን ብቻ ነው። ቀድሞ የተንሸራተተውን ለማወቅ ወደ ሦስተኛው ዘዴ እንሻገራለን።

ሦስተኛው የፒስተን ማቆሚያ ዘዴ ሲሆን ለቤንዚን ሞተር ያገለግላል። የባትሪው ገመድ ይነቀላል፤ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወጣሉ። ያረጀ ካንዴላ ውስጡ ተነሥቶ ጫፉ የለሰለሰ ብሎን ተበይዶበት በአንደኛው ሲሊንደር ላይ ይታሰራል። ብሎኑ ፒስተኑ ከላይኛው ነጥብ ሳይደርስ የሚያቆመው መሆን አለበት፤ በምንም አቅጣጫ ቢሆን ባልቦላ መንካት የለበትም። ሞተሩ በእጅ ብቻ፣ በቀስታ፣ ፒስተኑ እስኪቆም ወደ ቀኝ ይዞራል፤ በጠቋሚው ትይዩ በቀለበቱ ላይ ምልክት ይደረጋል። ቀጥሎ ወደ ግራ እስኪቆም ይዞራል፤ ሁለተኛ ምልክት ይደረጋል። እውነተኛው የላይኛው ነጥብ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ በአጭሩ ቅስት እኩሌታ ላይ ይገኛል። በሞተሪኖ ማዞር ግን ፒስተን ያስበሳልና ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

በምሳሌ ስናየው፣ ዙሪያው 540 ሚሊሜትር በሆነው ቀለበት ላይ ከመጀመሪያው ምልክታችን እስከ ፋብሪካው ምልክት 60፣ ከፋብሪካው ምልክት እስከ ሁለተኛው ምልክታችን ደግሞ 84 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ድምሩ 144፣ እኩሌታው 72 ነው። የፋብሪካው ምልክት ከእኩሌታው በ12 ሚሊሜትር ስለ ራቀ ስሕተቱ 8 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ሁለቱ ርቀቶች እኩል ቢሆኑ ኖሮ ቀለበቱ አልተንሸራተተም እንላለን። ለናፍጣ ሞተር ግን የፒስተኑና የባልቦላው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ፣ በሞተሩ መጽሐፍ የታዘዘውን መቆለፊያ ፒን ወይም የመለኪያ ሰዓት መጠቀም ይገባል።

መፍትሔ የሚመስሉ ስሕተቶች

መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝበት አገር የሚሠራ ባለሙያ ብልሃት መፍጠሩ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ብልሃት ሁሉ ጥገና አይደለም። ቀለበቱን ከእምብርቱ ጋር መበየድ፣ በሁለቱ መካከል ቀዳዳ አውጥቶ ፒን መምታት ወይም በጠንካራ ሙጫ መሙላት የሚደረግ ነገር ነው። እነዚህ ሁሉ ቀለበቱ እንዳይዞር ያደርጋሉ፤ ምልክቱም ጸንቶ ይቆማል። ዳምፐሩ ግን ከዚያ ወዲያ ዳምፐር አይደለም። ጎማው የማይሳብ ከሆነ ንዝረት አያበርድም፤ የተረፈው በዘንጉ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ክብደት ብቻ ነው። ብየዳው በተጨማሪ ጎማውን ያቃጥላል፤ የቀለበቱንም ሚዛን ያዛባል። በቶርኖ ቤት አንድ ወጥ ብረት አስቀርጾ መግጠምም ፋብሪካው ዳምፐር ባዘዘለት ሞተር ላይ ያው ስሕተት ነው። በተለይም ረጅም ዘንግ ባላቸው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ፣ ለምሳሌ በገጠር መንገዳችን ብዙ በሚያገለግለው የላንድክሩዘር 1ኤች ዜድ ናፍጣ ሞተር ላይ፣ አደጋው ከባድ ነው። እንዲህ የተጠገነ መኪና ከጋራዡ በሰላም ይወጣል፤ ክራንክሻፍቱ ቢሰበር የሚሰበረው ሰውና ዕቃ ተጭኖበት መንገድ ላይ ነው። በዚያን ጊዜም ምክንያቱን ከብየዳው ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም።

ትክክለኛው ጥገና

የተንሸራተተ ዳምፐር የሚታረመው በመለወጥ ነው። አዲሱ ለዚያ ሞተር የታዘዘ መሆን አለበት። በውጭ አገር አሮጌውን ቀለበትና እምብርት ተቀብለው አዲስ ጎማ የሚያስገቡ ልዩ ድርጅቶች አሉ፤ ይህም ብርቅ ለሆኑ አሮጌ ሞተሮች ተገቢ መንገድ ነው። ከፈረሰ መኪና የወጣ ዳምፐር ከተገኘ ብረቱ ሳይሆን ጎማው ይመርመር፤ በመጋዘን የተቀመጠ ጎማም ያረጃልና።

ሲነቀል መንቀያው በእምብርቱ ላይ በተዘጋጁት ጥርሳም ቀዳዳዎች በብሎን ታስሮ እምብርቱን መሳብ አለበት። ከተነቀለ በኋላ የዘይት ሲሉ የሚያርፍበት የእምብርቱ አንገት ይታይ። ሲሉ ቦይ ቆፍሮበት ከሆነ አዲስ ሲል ብቻውን ማፍሰሱን አያቆምም፤ በአንገቱ ላይ ስስ የብረት እጅጌ ማልበስ ያስፈልጋል። ሽብልቁና ቦዩ መላላታቸው ይፈተሽ። ሽብልቅ በሌላቸው ሞተሮች ላይ እምብርቱን የሚይዘው የብሎኑ ጥብቀት ብቻ ስለሆነ፣ ገጽታዎቹ ከዘይት በፍጹም ይጽዱ።

ሲገጠም በመዶሻ አይመታ፤ ምቱ በዘንጉ አልፎ የግፊት ብሮንዚናውን ይጎዳል። በመሳቢያ ብሎን ቀስ ተብሎ ይግባ። ዋናው ብሎን መጽሐፉ ባዘዘው ኃይል በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቅ። አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህ ብሎን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያገለግል ስለሚያዝዙ አሮጌውን መመለስ አይገባም። ከዚያ በኋላ የፒስተን ማቆሚያው ምርመራ በድጋሚ ይደረግ፤ በመልክ አንድ የሆኑ ዳምፐሮች የምልክታቸው ቦታ ሊለያይ ይችላልና። ፋዙ የሚስተካከለው ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያው ምክንያት ሳይወገድ መኪናው አይውጣ። ዘይቱ እየፈሰሰ፣ ቺንጋው ከመጠን በላይ ጠብቆ፣ የዲናሞው ኩሽኔታ እየነከሰ ወይም አንዱ ሲሊንደር ሳይቃጠል የተገጠመ አዲስ ዳምፐር ያሮጌውን ዕጣ ይከተላል።

ከባድ የናፍጣ መኪናዎችን ለሚጠግኑ ባልደረቦቼ አንድ ቃል ልጨምር። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ከጎማ ይልቅ ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ የያዘ ዳምፐር በብዛት ይገኛል። በታሸገው ቤት ውስጥ ያለው ቀለበት በፈሳሹ ውስጥ እየዋኘ ንዝረቱን ያበርዳል። የቤቱ ግድግዳ ከተጎደጎደ ቀለበቱ ይነክሳል፤ ፈሳሹ ካፈሰሰ ወይም ከጠጠረም ሥራው ያበቃል። ስለዚህ ይህ ክፍል በመዶሻ የማይነካ፣ ሞተር ሲወርድም የማይደገፉበት መሆኑን ለረዳቶቻችን ማስተማር ይገባናል።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ከዚህ ሁሉ ለዕለት ሥራችን የሚበጁ ሦስት ልማዶችን ላሳስብ። አንደኛ፣ ፋዝ ለማስተካከል መብራት ከማንሣታችን በፊት ምልክቱ የተቀረጸው በጠንካራ ብረት ላይ ነው ወይስ በጎማ በተያዘ ቀለበት ላይ የሚለውን እንጠይቅ። በቀለበት ላይ ከሆነ ምልክቱን ሳናረጋግጥ አንመነው። ሁለተኛ፣ ለአገልግሎት በገባ መኪና ዳምፐር ላይ ሁሉ ነጩን መስመር እናስምር፤ ቀጣዩ ባለሙያ ማን ቢሆን ከመስመሩ ይማራል። ሦስተኛ፣ ተበይዶ ወይም ፒን ተመትቶበት የመጣ ዳምፐር ስናገኝ ለባለንብረቱ አደጋውን በግልጽ፣ ቢቻልም በጽሑፍ እንንገረው። ለመለወጥ አቅም ወይም ዕቃ ባይኖር እንኳ የሚያሽከረክረው ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ የማወቅ መብት አለው።

ማኅበራችን ደግሞ ጥንካሬው የታወቀ ጎማ በአገር ውስጥ ተሠርቶ አሮጌ ዳምፐሮች የሚታደሱበትን መንገድ ከጎማ ሥራ ባለሙያዎችና ከቴክኒክ ማሠልጠኛዎች ጋር ቢያጠና፣ ብየዳን እንደ መፍትሔ እንድንመርጥ የሚገፋፋንን እጥረት ከሥሩ ለማቃለል ይረዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ የተንሸራተተ ዳምፐርም በብየዳ ሲሸፈን በሽታው ይደበቃል እንጂ አይድንም። የሙያችን ክብር የሚጠበቀው መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ በሚያሰማው ጥሩ ድምፅ ብቻ ሳይሆን፣ ከጋራዡ ርቆ በመንገድ ላይ በሚሰጠው አስተማማኝ አገልግሎት ነው።